ከቁርስ በኋላ የሚዋጥ ክኒን
ያን ሰሞን መገናኛ ላይ የነሐሴ ዝናብ ሳያባራ ሰነበተ። ጫማ ቤቱ በር ላይ በድምፅ ማጉያ «ቅናሽ» እያለ የሚጮኸው ሰውዬ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ይመታል። አጠገቡ ካልሲ ስሸጥ ድምፁን ቀንስልኝ ባልኩት ቁጥር «ማዘር፣ ካልተመቸሽ ጆሮሽን ድፈኚ» ይለኛል። ጩኸቱ ጆሮውን ስለጎዳው ሐኪም መስማቱን የሚያድንለት ስቴሮይድ የሚባል ክኒን አዞለታል፤ ሳያቋርጥ፣ በየጠዋቱ ቁርስ በልቶ እንዲውጠው። እሱ ግን ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾም፣ ውሃም ሳይቀምስ በምራቁ ይውጠዋል።

«ለታመመ ይፈቀዳል፤ ቄስህን ጠይቅ» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ መቼ ቀሰስሽ?»

ሆዱን ሲያቃጥለው በአራተኛው ቀን ክኒኑን ተወው። አላዘንኩለትም።

አሁን ሰሚት ሰፈር፣ እህቱ ቤት ተቀምጧል። በቀኝ ጆሮው አይሰማም።