የወንድሜ የሞተር መጋዝ

ወንድሜ ከፋ ምድር ጣውላ ሲሰነጥቅ ኖሮ፣ የሞተር መጋዝ ተሸክሞ ወደ መካነ ሰላም ሲመለስ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። እንዲያ ያለ መጋዝ ያገራችን ሰው አይቶ አያውቅም። ሲጮኽ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮት ይጮኻል። እናታችን ግን «ልጄ ይዞት የመጣ» እያለች እንደ ጥጃ ትሳሳለት ነበር።

ወንድሜ ልቡ ያረፈባት አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ መድረሳ ከፍተው ለልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ ሸኽ ናቸው። ሽማግሌ ሲላክባቸው፣ «ልጄን አገር ላገር ለሚዞር አልሰጥም። እዚሁ የሚያኖረው ሙያ ካለው፣ ከረመዷን በኋላ ለመድረሳው ባሕር ዛፍ ስንቆርጥ በደቦው ላይ ያሳየኝ» አሉ። ወንድሜም ጾሙን ሙሉ መጋዙን ጎተራው ሥር አስቀምጦ ቀኑን ሲጠብቅ ከረመ። በመካከል አንዴ ብቻ ለሙከራ አስነሥቶት፣ ጭሱ በዛ ብሎ አጠፋው።

ቀኑ ደረሰ። እስላሙም ክርስቲያኑም መጥረቢያውን መሬት አስቀምጦ ሊያይ ተሰበሰበ። ወንድሜ ቤንዚን ጨመረና ገመዱን ሳበ። ክህ ክህ አለና ጠፋ። ደግሞ ሳበ፤ ጭስ ተፋና ጠፋ።

«ኧረ ይሄስ ጉንፋን ይዞታል፣ ፌጦ ስጡት!» አለ አንዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ካንዴላውን ፈታ፤ ርሷል። ጠርጎ መለሰው። የአየር ማጣሪያውን አራገፈ። «ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑ በዝቶበት ይሆናል» ብሎ የካርቡራተሩን ብሎን በካቻቢቴ ጠበቅ አደረገ። ወይ ፍንክች! ሸኹ ቆመው ያዩታል። በመጨረሻ ካርቡራተሩን አውልቆ ከአጥሩ ጀርባ ይዞት ሄደ፤ እኔም የሚጠጣው ውሃ ይዤለት ተከተልኩ።

ከፈተው። ቤንዚኑን የሚስበው ስስ ጎማ ሙጫ በመሰለ ነገር ተጣብቋል። ቀስ ብሎ ሊያላቅቀው ሲል ተቀደደ። መለዋወጫው ደሴም አይገኝ። ጣቱን አሸተተና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋው።

«ምን ይሸታል?»

«ኑግ» አልኩ። ያኔ ትዝ አለኝ። እናታችን በጾሙ መግቢያ እየሳቀች፣ «ምስኪን ብረት፣ ይኼም አብሮን ሊጾም ነው፤ እንዳይደርቅ ከዘይቴ አጠጣሁት» ብላኝ ነበር። እኔ ጥርሱን የቀባችው መስሎኝ። ለካ በቤንዚኑ አፍ ነው ያንቆረቆረችው! ለዒድ ያስቀመጠችውን ጥሩውን ኑግ፣ በፍቅር!

ይህንኑ ነገርኩትና «ሄደን ለሸኹ እንንገራቸው፤ ያንተ ጥፋት አይደለም» አልኩት።

«ዝም በይ!» አለኝ ተቆጥቶ። «ያገራችንን ተረብ አታውቂም? እስክትሞት መሳቂያ ያደርጓታል። ለሷም እንዳትነግሪያት፤ ልጅቷን ያስቀረችብኝ እሷ መሆኗን ካወቀች አትተርፍም።» ወላሂ ብዬ ማልኩለት።

ሸኹ ፊት ቀርቦ «አባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አላወቅሁበትም» አለ። እሳቸውም በደህና ቃል «አብሽር» አሉት። ልጅቷን ግን ለሌላ ዳሩ። ባሕር ዛፉም በመጥረቢያ ተቆረጠ።

ወንድሜ ብዙም ሳይቆይ ወደ ከፋ ተመለሰ፤ ሄዶም ቀረ። ሰላምታ ይልካል፣ ልጅቷ ለሌላ ተድራ ወዳለችበት አገር መምጣቱ ግን አልሆነለትም። እናታችን የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ብድግ ትል ነበር። ጎረቤት ስለሱ ሲጠይቃት «ደህና ነው፣ አልሀምዱሊላህ» ትልና ወሬ ትቀይራለች። እኔ አጠገቧ ሆኜ የኑጉ ነገር ስንቴ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ! ዛሬም ያንገበግበኛል።

በመጨረሻው ሕመሟ እጄን ይዛ፣ «አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ልጄ ምን አድርጌው ነው እንዲህ የጠላኝ?»

«ምንም አላደረግሽውም፣ እማዬ። ይወድሻል።»

«ቢወደኝማ ይመጣ ነበር» አለች፤ ይህንኑ ይዛ ሞተች።