ቀለም ያልጠጣው ጎን

ወንድሜ እንጨት ሲዳስስ ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ዕለት ጠዋትም በረንዳው ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ቡናማውን ስፒከር በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ያነሣውን ብናኝ በደረቅ ጨርቅ ይጠርግና በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ይዳስሰዋል። ይጠርጋል፣ ይዳስሳል፣ እንደገና ይጠርጋል። እኔ ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ የሸሚዙን ቁልፍ እተክልለታለሁ። ድንገት እጁ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ዓይኑንም ገለጠ።

«እትዬ፣ እስቲ እዚህ ጋ እጅሽን አሳርፊ» አለኝ።

አሳረፍኩ። ጎኑ ሁሉ ደረቅና ልስልስ ያለ ነው። የመዳፍ ስፋት ያላት አንዲት ቦታ ግን ጣትን ትንሽ ያዝ ታደርጋለች፤ ቅባት የነካው ወረቀት እንደሚያደርገው።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«እኔም እሱን ነው የምለው» አለ፣ ስፒከሩን እንደ ሌባ ከላይ እስከ ታች እያየ።

ወንድሜን ሰፈሩ «ሽቱ» ነው የሚለው። የቲነር ሽታው ከራሱ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። ሥራው የቤት ስፒከሮችን የውጭ ሳጥን ማደስ ነው። በወጣትነቱ ወንበርና ቁም ሳጥን ይቀባ ነበር፤ ኋላ የራዲዮና የቴሌቪዥን ሳጥን ያድስ ጀመር። ዛሬ ቴሌቪዥኑ ሁሉ መስታወትና ፕላስቲክ ስለሆነ፣ እንጨት ለብሶ የቀረ ስፒከር ብቻ ነው ይላል። ድምፁን አይነካም። የፊቱን ጨርቅ ያወልቃል፣ በካቻቢቴ ሆድቃውን ፈትቶ ያወጣል፣ ክፍቱን በጋዜጣ ይደፍናል፤ ከዚያ ወዲያ ለእሱ ሳጥን ነው። አሮጌውን ቫርኒሽ ይልጣል፣ የተቦረቦረውን በስቱኮ ይሞላል፣ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይፍቃል፣ ቀለም ያጠጣል፣ ቫርኒሽ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ እንደገና ይፍቃል፣ እንደገና ይቀባል። እስኪደርቅ ድረስ በረንዳው ላይ መጥረግም ማስነጠስም ክልክል ነው። ሚስቱ፣ «እኔን ሲያገባኝ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ አልያዘኝም» ትላለች።

ጠርጣራ ነው። ሲፈጠር እንዲህ አልነበረም፤ ያሳደግሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ገና ሥራውን ሲጀምር አንድ ሰው «ምርጥ እንጨት ነው» ብሎ ስፒከር አመጣለት። ወንድሜም አምኖ ቲነር የነካ ጨርቅ ሲያሳርፍበት፣ የእንጨቱ መስመር ከነጉጡ ተነሥቶ ጨርቁ ላይ መጣ። ለካ እንጨት የመሰለው ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ኖሯል፤ ከሥሩ ቺፑድ ነው። ሰውየው ደግሞ «እንጨቴን በላብኝ» ብሎ ሰፈሩን ቀወጠው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ማንኛውንም ሳጥን ገልብጦ ታቹን በጥፍሩ ሳይጭር ሥራ አይጀምርም። ጠባዩም ከሥራው ተከትሎት ቤት ገባ። ወተት አሽትቶ ነው የሚጠጣው። እንግዳ ሲመጣ ከፊቱ በፊት ጫማውን ያያል። በር ይቆልፋል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይስበዋል።

እንግዲህ ሊፍቱ ሴት ልጅ ሊያገባ የመጣው እንዲህ ካለ አባት ቤት ነው። ሊፍቱ የምንለው በየፎቁ እየዞረ ሊፍት ስለሚጠግን ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ልጅ ነው። ወንድሜ፣ «እንደ ሊፍቶቹ ነው፤ ሲጠሩት አይደርስም፣ ሲደርስም በሩን ዘግቶ ዝም» ይላል። የወንድሜ ልጅ ግን ትወደዋለች። ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ የሱ ነገር ሲነሣ የያዘችውን መርፌ ታስቀምጣለች። ለወንድሜ አንድ ልጁ ናት።

ሁለቱ ቤተሰቦች ተገናኝተው ነገሩ እንዲቆረጥ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። የሊፍቱ አባት በሕይወት የሉም፤ እናቱ አሉ፤ ከቤት አይወጡም ስለተባለ የምንሄደው እኛ ነን። ቀኑ ሲደርስ «እናቴን አሟታል» ይላል። ሌላ ቀን ይያዛል፤ አሁንም «አሟታል»። የወንድሜ ሚስት፣ «ምን ዓይነት በሽታ ነው ቀጠሮ እየጠበቀ የሚነሣው?» ማለት ጀመረች። በዚህ መሃል ነው ያንን ስፒከር ተሸክሞ የመጣው።

«ጋሼ፣ እናንተ እኛ ቤት ከመምጣታችሁ በፊት ይቺ ብትታደስልኝ» አለ። «በተለይ ይሄ ጎኗ።»

«ሌላዋስ?»

«ሌላዋ ደህና ናት።»

ስፒከር ደግሞ እንደ ጫማ ጥንድ ነው፤ አንዱን ብቻ የሚያሳድስ ሰው ወንድሜ አይቶ አያውቅም። ተቀበለው፤ ልጁ ከበር ሲወጣ ግን ወዲያው ገልብጦ ታቹን ጫረ። እንጨቱ እውነተኛ ነው። ይህም አላስደሰተውም።

ያቺን ቦታ በዳሰስንበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀለም አጠጣው። እንጨቱ ሁሉ ጠጣ፤ ያቺ ቦታ ግን እምቢ አለች። ቀለሙ ከላይዋ እየሸሸ ዳር ዳሯን ሲያጠቁር፣ መሃሏ ገርጥቶ ቀረ። አጥብቆ እንዳይፍቃት ላዩን የለበሰው እንጨት ስስ ነው፤ ከተበሳ አይመለስም። በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጨምቆ አሳረፈባትና ትንሽ ቆይቶ ሲያነሣው ሽታ መጣ። ሚስቱ ከውስጥ ወጥታ ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«የፀጉር ቅባት ነው» አለች። «የሴት።»

«በምን አወቅሽ?»

«በምን አወቅሽ ይለኛል! አንተ ቲነሩን እንደምታውቀው ነዋ።»

ወንድሜ ስፒከሩን መሬት ላይ አቁሞ ከጎኑ ቁጭ አለ። ከዚያ ራሱን ዘንበል አደረገ። ጆሮው ልክ ቦታዋ ላይ አረፈ።

«ምን ይልሃል?» አለች ሚስቱ።

«አትሳቂ። መሬት የተቀመጠ ሰው ራሱን የሚያሳርፍባት ቦታ ናት። አንድ ቀን አይደለም፤ እንዲህ እስኪጠጣ ድረስ ዓመታት ነው።»

እኔም ያየሁት ነገር ነበር፤ መናገር ግን ፈራሁ። ከልጣጩ ጋር በተነሣው አሮጌ ቫርኒሽ ላይ አንድ ፀጉር ተጣብቆ ነበር። ረጅም ነው። ቫርኒሽ ስለጠጣ ጥቁር ይሁን ነጭ አይለይም። ወንድሜ ዓይኔን ተከትሎ አየውና በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አወጣው።

«ሚስት አለችው» አለ።

ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጅቷ ከውስጥ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ድምፁ ሲቋረጥ ሁላችንም እንደሰማችን አወቅን።

«አባዬ፣ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«እናቱን አይተሻቸው ታውቂያለሽ?»

«አሟቸዋል እኮ ነው።»

«እኮ! የሚያማቸውን እናት አላየናቸውም፤ ፀጉሯን ያየናት ሴት ግን ይቺውና።»

በማግስቱ ሊፍቱ ሥራውን ሊያይ መጣ። ወንድሜ ብሩሹን እያጠበ፣ ቀና ሳይል ጠየቀው።

«ይሄ ጎን ምን ነክቶት ነው?»

«ቅባት መሰለኝ ጋሼ።»

«ወጥ ቤት ነው የምታስቀምጠው?»

«አይ፣ ሳሎን።»

«ሳሎን ታዲያ የማን ቅባት ነው?»

ልጁ ጆሮው ቀላ። «እንጃ» አለ። እኔም ያን ጊዜ ጠረጠርኩ፤ እንጃ የሚባልበት ጥያቄ አልነበረምና።

«በል ሌላዋን አምጣት፤ ቀለማቸውን ላመሳስል።»

«እሷ አትመጣም ጋሼ። ቤት ታስፈልጋለች።»

«በአንድ ስፒከር ምን ልትሰማ?»

ሊፍቱ በሩን ዘጋ፤ ማለቴ ዝም አለ። ወዲያው «ደህና ዋሉ» ብሎ ሄደ።

ወንድሜ ቆረጠ። ቀለም ለማመሳሰል ሌላዋን በቀን ብርሃን ማየት አለብኝ ብሎ፣ ሳይነግር ቤቱ ሊሄድ ነው። እኔን ይዞ ሊሄድ ነው ደግሞ።

«እኔ ምን ልሠራ?» አልኩት። የማላውቀው ሰው ቤት ስገባ እግሬ ይታሰራል።

«ወንድ የማያየውን ታያለሽ። ማበጠሪያ፣ ጫማ፣ የተሰቀለ ቀሚስ።»

ከበሩ ጀርባ ደግሞ የሊፍቱ ጃንጥላ ተሰቅሎ ነበር፤ አንድ ቀን ሲያባራ ረስቶት የሄደው። ወንድሜ አወረደው። «ሴትዮዋን ካገኘኋት አንድ ቃል አልናገርም። ይሄን እጁ ላይ አስቀምጬ እወጣለሁ። ይገባዋል» አለ። ልጅቷ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ነበር። መርፌው ግን አይንቀሳቀስም።

«እንዳትረሳ» አለች ሚስቱ፤ ድምፅዋ ግን እንዲረሳ የምትለምን ይመስል ነበር።

ቤቱ የአሮጌ ፎቅ ላይኛው ወለል ላይ ነው። ወንድሜ ደረጃውን ሲወጣ የእጅ መደገፊያውን እንጨት በጥፍሩ ጫር ጫር ያደርጋል። በሩ ገርበብ ብሏል። መግቢያው ላይ ተረከዙ በአንድ ጎን የተበላ የሴት ጫማ አለ። ወንድሜ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ።

«አየሽ?»

አንኳኳ። መልስ የለም። ከውስጥ ሙዚቃ ይሰማል፤ ዝቅ ያለ፣ ወፍራም ወፍራሙ ብቻ የሚመጣ። ደግሞ አንኳኳ። «ቤቶች!» አለ። ምንም።

«ሰምተው ነው ዝም ያሉት» አለኝ በሹክሹክታ፣ በሩንም በጃንጥላው ጫፍ ገፋው።

ሴት ነበረች። ጀርባዋን ሰጥታን፣ መስኮቱ ሥር መሬት ላይ በተነጠፈ ትራስ ላይ ተቀምጣለች። ራሷን ያቺኛዋ ስፒከር ጎን ላይ አሳርፋለች፤ አንድ እጇ ከላይ ተዘርግቶ በጣቶቿ እንጨቱን ቀስ እያደረገች ትመታለች። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ፀጉሯ ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው።

ወንድሜ ጃንጥላውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሴትዮዋ አልዞሩም። እኔ እንዴት እንደደፈርኩ እንጃ፣ በግድግዳው በኩል ዞሬ ከፊታቸው ቆምኩ። ክው አሉና ሻሻቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ራሳቸው ጎተቱ። «ይቅርታ፣ የልጅቷ አክስት ነኝ» አልኩ። ዓይናቸው ከዓይኔ ወርዶ አፌ ላይ አረፈ።

ሊፍቱ እጁ በሳሙና እንደራሰ ከወጥ ቤት ወጣ። ወንድሜን ሲያይ ቀለሙ ጠፋ። እናቱ ፊት ሄዶ ቁጢጥ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል በከንፈሩ እየቀረጸ፣ «አባቷ ናቸው» አላቸው።

«ሳይታደስ?» አሉ እናቱ፤ ፊታቸውንም በሻሻቸው ሸፈኑ።

ከዚያ በኋላ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ጆሯቸው ቀስ በቀስ ሄዷል። ዘፈኑ ግን በእንጨቱ በኩል ይመጣላቸዋል፤ ከጆሯቸው ኋላ ያለውን አጥንት በጣታቸው አሳዩን። ስፒከሮቹን ያመጡት ሟች ባላቸው ናቸው። «ያችኛዋን በቅባቴ አበላሸኋት። ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። የሰው ልጅ ልንጠይቅ ተቀምጠን እድፌን ሲያዩብኝ! አለመስማቴንም አይተው ‹ደንቆሮ አማት› ብለው ልጃቸውን ቢከለክሉብኝስ? እንዳትናገር ብዬ ያስማልኩት እኔ ነኝ፤ በሱ አትዘኑ።»

ወንድሜ ተንበርክኮ ስፒከሯን ዘንበል አደረገና ታቿን በጥፍሩ ጫረ። አፈርኩበት። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጎኗን ዳሰሰ፤ እጁ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ይቺኛዋም ቅባት መጠጣት ጀምራለች። ዓይኑን ገልጦ ወደ እናትየው ዞረ፤ እንደ ሊፍቱ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ቅባቱን አወጣዋለሁ። ከዚያ እዚያች ቦታ ላይ ቫርኒሹን ደጋግሜ አወፍረዋለሁ። ዳግመኛ ቅባት አይጠጣም። ሲነሡ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ብቻ ነው።»

አፉን አይተው ጨረሱ። «ከዚያ ወዲያም መደገፍ እችላለሁ?»

«ለሱ ብዬ አይደል እንዴ የማወፍረው? ይቺኛዋም ትምጣልኝ፤ መጀመሪያ ያችን ላድርስ።»

በር ድረስ ሸኙን። «እሑድ ኑ» አሉ፤ ቀጥለውም ትንሽ ፈገግ ብለው፣ «እሑድ አያመኝም።»

ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ወንድሜ ጃንጥላውን ዘረጋ፣ ዘንጎቹን አንድ በአንድ መረመረ፣ ከዚያ ከላዬ ያዘው።

«ግን እትዬ» አለ ጥቂት እንደሄድን፣ «አሟታል ማለቱ ውሸት ነው ወይስ እውነት?»

«ግማሽ ግማሽ ነው።»

«ግማሽ የዋሸ ሙሉውን መዋሸት ያቅተዋል?»

«አንተስ ቀለም ላመሳስል ብለህ አይደል የሄድከው?»

ጃንጥላውን ይበልጥ ወደ እኔ አዘነበለው።

ቤት ስንገባ ሚስቱ ከምድጃው ዞረች። ልጅቷ መርፌዋን አስቀምጣ፣ የአባቷን ፊት ሳይሆን እጁን አየች። ጃንጥላው ከጫፉ ውሃ ያንጠባጥባል።

«አልመለስክለትም እንዴ?» አለች ሚስቱ።

ወንድሜ ጃንጥላውን በር ላይ አራገፈው፤ ከበሩ ጀርባ፣ የድሮ ቦታው ላይ ሰቀለው።

«መጀመሪያ ይድረቅ» አለ።