ንጉሡን የምታነበዋ ልብስ ሰፊ

ከባልደረባዬ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን ልብስ ስንሰፋ አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ኮት ላይ እጇ የተባረከ፣ ምላሷ ደግሞ ከመርፌዋ የማይተናነስ ሴት ናት። ስለ ልጅነቷ ከጠየቃችኋት ሌላውን ሁሉ ትታ ስለ አንድ የቪዲዮ ጌም ታወራችኋለች።

ጌሙ ጀግኖች ከአገር አገር የሚንከራተቱበት፣ ክፍል በክፍል የሚወጣ ረጅም ታሪክ ነው። ታላቅ ወንድሟ ጆይስቲኩን ይይዛል፣ እሷ ታነባለች። ያኔ የጌም ሰዎች ድምፅ አልነበራቸውም፤ ንግግራቸው በጽሑፍ ብቻ ነበር የሚመጣው። ንጉሡን በርዕሰ መምህራቸው ድምፅ፣ ጠንቋይዋን በአክስታቸው ድምፅ ታነብለታለች። ጠንቋይዋ በፍልሚያ መሃል ስትዝት ወንድሟ በሳቅ ፍርስ ይላል፣ ጆይስቲኩ ወድቆ ያልሆነ ቁልፍ ይጫናል፣ ጀግናው ይሞታል። «ስንቱን ጀግና በአክስቴ ገደልኩት!» ትለኛለች፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ።

ዘንድሮ ከስንት ዓመት በኋላ አዲሱ ክፍል ሊወጣ ነው ተባለና ጉድ ፈላ። እንደ ድሮው ተራ ጠብቆ መማታት ቀርቶ ሁሉም ባንዴ የሚራኮትበት ፍልሚያ ሆኗል፤ ሰዎቹም አፍ አውጥተው ያወራሉ። የጌሙ ወዳጆች ለሁለት ተከፈሉ። እሷ «ዘመኑን ይምሰል» ባይ፣ አውቶቡስ ነጂው ወንድሟ «አበላሹት» ባይ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ዕለት እዚሁ ሱቃችን ውስጥ ተጣሉ።

«አርጅተሃል ጋሼ! እጅህ አልፈጥን ስላለህ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ? ድሮም ማንበብ እንጂ መቼ ተጫወትሽ!»

ሱሪውን ጥሎ ወጣ፤ አንድ ወር ሙሉ አልደወለም። እሷም ቀኝ እጅጌን በግራ በኩል ሰፍታው አረፈች። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እኔም መቀሱን ቀስ ብዬ ወደ ራሴ ሳብኩት።

«ያለሱ መጫወት አልችልም መሰለው?» አለችኝ፣ ማንም ሳይጠይቃት። እንደማትችል እኔም እሷም እናውቃለን።

ጌሙ የወጣ እሑድ ከሰዓት፣ የመጫወቻውን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ላገናኝላት ቤቷ ሄድኩ። በሩ ተንኳኳ። ወንድሟ ነው።

«ሱሪዬን ልወስድ ነው» አለ። ሱሪው ሱቅ እንዳለ ልቡ ያውቃል። ጆይስቲኩን አቀበለችው።

ንጉሡ ብቅ አለ። ግርማ ባለው በራሱ ድምፅ መናገር ጀመረ፤ ጽሑፉ ከሥር ይመጣል። እሷ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አንጀቴን በላችው።

ወንድሟ ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ጥፍት አደረገው።

«እኔን ያስጠላኝ ፍልሚያው መስሎሻል?» አለ፣ ፊቱን ከቴሌቪዥኑ ሳይመልስ። «ይሄ ሰውዬ የርዕሰ መምህራችንን ሩብ አያክልም። በይ እታለም፣ አንብቢ።»

ጉሮሮዋን ጠረገች። ንጉሡ በርዕሰ መምህሩ ድምፅ ገና «ልጆቼ ሆይ!» ከማለቱ ጆይስቲኩ መሬት ወደቀ።

ሱሪው እስከ ዛሬ ሱቃችን ውስጥ ተሰቅሎ አለ።