የአቦይ ሐጎስ ጋቢ

መቐለ አጠገብ፣ ቁሓ መንገድ ዳር በዝናብ የራሰ ገለባ የጫነ ጋሪ ቆሟል። ሽታው አቦይ ሐጎስን አስታወሰኝ።

አቦይ ሐጎስ በጦርነት አንድ እግራቸውን ያጡ የእናቴ አጎት ነበሩ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ከመቐለ ወደ መንደራቸው ይዛኝ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ሹማምንት መጥተው ለጦር ጉዳተኞች ክብር በተጣለ ዳስ ውስጥ አዲስ ጋቢ ደረቡላቸውና ከፊት አስቀመጧቸው። ንግግር ሳያልቅ ተሸላሚ አይነሳም። የተወቃው ጤፋቸው ግን አውድማ ላይ ነበር፤ ሰማዩም ጠቁሯል።

«ልጄ፣ ልሂድ፤ ጤፌን ልሸፍን» አሉት የበዓሉን አስተባባሪ።

«አቦይ፣ እርስዎ እኮ የዛሬው ክብራችን ነዎት።»

«ክብራችሁን ተቀብያለሁ። አሁን ሸራ የሚይዝልኝ ሰው ስጡኝ።»

ቀልድ መስሎት ጭብጨባ ጠየቀላቸው። ሁላችንም አጨበጨብን።

ስለ ውለታቸው እየተነገረ ዝናቡ ወረደ። አቦይ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ፤ እኔና እናቴ ተከተልናቸው። አውድማው ላይ ጋቢውን ከትከሻቸው አወረዱና «ጫፉን ያዢ» አሏት። የጤፉን ግማሽ እንኳ አልሸፈነም። ሌላው እያየነው በጎርፍ ሄደ።

ዛሬም በየአዳራሹ እግራቸውን ላጡ ወጣቶች ጋቢ ሲደረብ አያለሁ። ምንም አይሰማኝም እላለሁ። ጋቢው ጥሩ ነው፤ ወፍራም ነው።