አምፖሉ እስኪረጋ

ባለቤቴ የስኳር በሽታ እንዳለበት የታወቀው አሰብ ወደብ ላይ በጸሐፊነት ሲሠራ ነው። ሐኪሙ በየቀኑ የሚወጋውን ኢንሱሊን አዘዘለትና፣ «ሙቀት ካገኘው ተበላሸ ማለት ነው። ፍሪጅ አላችሁ?» አለን። ነበረን፣ አልሐምዱሊላህ። በሰፈራችን ብዙ ሰው አልነበረውም።

የቸገረን መብራቱ ነበር። በሙቀቱ ወራት ከተማው ሁሉ ቬንቲሌተሩን ሲከፍት ኃይሉ ይደክማል። አምፖሉ ይቀላል፣ ፍሪጁ ያቃስታል። ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ በጉልበት ይመጣል፤ አምፖሉ ይነጣል። የጎረቤታችን ቴሌቪዥንም የመስጊዱ ድምፅ ማጉያም እንዲህ ነው የተቃጠሉት። ባለቤቴ ኃይሉን እንዲያስተካክልልን ከአንድ መርከበኛ ስታቢላይዘር ገዝቶ ነበር። ቀንም ሌሊትም ቀጭ ቀጭ ሲል ከርሞ አንድ ቀን ጭስ አወጣና ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ የፍሪጁ ጠባቂ እኔ ሆንኩ። መብራት ሲሄድ ከሁሉ በፊት የፍሪጁን ሶኬት እነቅላለሁ። ሲመጣ አምፖሉን ብቻ አበራና ሥሩ ተቀምጬ ከቁርኣን ያሲንን እቀራለሁ። ሱራው እስኪያልቅ አምፖሉ ካልቀላ፣ ካልነጣ፣ ካልተርገበገበ ሶኬቱን እሰካለሁ። ከተርገበገበ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ባለቤቴ ይስቅብኝ ነበር።

«ለእኔ እንኳ እንዲህ ቀርተሽልኝ አታውቂም።»

«ላንተ አይደል እንዴ የምቀራው?»

«እኔማ ያገባሽው ፍሪጁን መስሎኝ!»

እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። ጎረቤቶች ውኃቸውን እያመጡ እኛ ዘንድ ያቀዘቅዙ ስለነበር በራችን አይዘጋም።

ከኢትዮጵያ ጋር ድንበር ላይ ጦርነት ሲነሳ መርከቦቹ ቀሩ። መድኃኒታችንን ከአዲስ አበባ ያመጣልን የነበረው አውሮፕላንም ቀረ። ባለቤቴ ሥራ ፈትቶ ቤት ዋለ። ከኢትዮጵያ የመጡት ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ወጡ። እኛም ልንወጣ አስበን ነበር፤ ግን በዚያ በረሃ መድኃኒቱን ሳይበላሽ ይዘን የምንሄድበት መንገድ አላገኘንም። ያለን ፍሪጁ ውስጥ የቀሩት ብልቃጦች ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን መብራት እንደሄደ የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ደረሰ። ባለቤቴ መስጊድ ሄዷል። እኔ ቤት ውስጥ እሰግዳለሁ። ከቀሩት ጎረቤቶቻችን አንዷ፣ የባለሱቁ ሚስት፣ የወሎ ልጅ፣ ውኃዋን ልትወስድ ገባች። ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሱጁድ ላይ ሳለሁ መብራቱ መጣ።

«እሰይ! መጣ! እትዬ፣ አይቸኩሉ፣ እኔ እሰካልዎታለሁ!» ስትል ሰማኋት።

ቀና ስል አምፖሉ ዓይን እስኪወጋ ነጥቷል። ፍሪጁ አንዴ ጮኸ። ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ሶላቴን አሰላምቼ ስጨርስ ሶኬቱን ነቅላ በእጇ እንደያዘች ቆማለች።

«ላግዝዎት ብዬ እኮ ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አልኳት። ሶኬቱን ከእጇ ተቀበልኳት።

ጠጋኙ መጥቶ የፍሪጁን ጀርባ ከፈተ።

«ሞተሩ ተቃጥሏል፣ እናቴ።»

«ሌላ ሞተር አይገኝም?»

«ከየት ይምጣ? መርከብ የለ፣ አውሮፕላን የለ። እኔም ራሴ ከተማውን ለቅቄ ልወጣ ነው።»

የሚቀርቡን ባለፍሪጆች ሁሉ ቀድመው ከከተማው ወጥተዋል። የሰፈሩን ክሊኒክ ጠየቅን፤ የእነሱም ፍሪጅ ከተቃጠለ ሰንብቷል። ስለዚህ ብልቃጦቹን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ውኃ ያለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ማሰሮውን በእርጥብ ጆንያ አለበስኩት። የአሰብ ነፋስ ጆንያውን ያደርቃል፤ እኔ መልሼ አርሰዋለሁ። ውኃው ራሱ ከቧንቧው ሲወርድ ትኩስ ነው።

ባለቤቴ ጠዋት መርፌውን ይወጋል፤ ቀኑን ሙሉ ይጠማዋል፤ ጠጥቶ አይረካም። ሱሪው በወገቡ ላይ አልቆም አለ። አንድ ቀን ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። እንደ ውኃ ጥርት ብሎ የነበረው መድኃኒት ውስጥ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ይዋኛል። ዞር ስል ባለቤቴ ያየኛል።

«ዛሬ እንዴት ነህ?» አልኩት።

«ዛሬስ ይሻላል። ማሰሮሽ ከፍሪጁ በለጠ» አለኝ። ምላሱ ደርቆ ቃሉ አልወጣ ይለዋል።

እንደዋሸኝ አወቅሁ። ማወቄንም አወቀ። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አልተነጋገርንም። ድካሜ ከንቱ እንዳይሆንብኝ ብሎ የሚዋሽልኝ ባል ስለሰጠኝ አላህን አመሰገንኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ዱዓዬ ተለወጠ። አድንልኝ ማለቴን ትቼ፣ አታሰቃይብኝ እያልኩ ለመንኩ። ጆንያው ሲደርቅ አርሰዋለሁ፤ ጠዋት ሲሆን መርፌውን አቀብለዋለሁ፤ እሱም አመስግኖኝ ይወጋል።