የሲናና ስንዴና የሐጂ ቁልፍ

ከአዳማ የተነሳሁት ጎህ ሲቀድ ነው። የሄድኩት ለአክስቴ ለዘይነባ ስል ነው። ሲናና ውስጥ ከጎረቤቶቿ ጋር በጋራ መጋዘን ያስቀመጠችው የዘር ስንዴ መሞቅ ጀምሯል። ዝናብ አላቆም ብሏቸው ኮምባይነሩ እርጥቡን አጨደው፣ እነሱም እርጥቡን ከመሩት። እኔ የምህንድስና ተማሪዎችን ሒሳብ አስተምራለሁ። “መጥተህ እይልኝ” ብላ ስትደውል እንዴት እንቢ እላለሁ?

አሰላን አልፈን ዶዶላ ላይ ቁርስ በላን። ፍርፍሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ዋጋው ግን ያቃጥላል። ዲንሾ አጠገብ የደጋ አጋዘኖች መንገድ ዳር ሲግጡ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን አወጣ። እኔም ስልኬን ይዣለሁ፤ የማየው ግን አክስቴ በየማለዳው የነገረችኝን የስንዴውን ሙቀት ነበር፦ 26፣ 27፣ 29፣ 32።

ሲናና

መጋዘኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስት ሰው አንድ አንድ ይይዛል። ማንም ብቻውን እንዳይከፍት የተስማሙበት ነው። ሙቀቱን የሚለኩት በግድግዳው ቀዳዳ ረጅም ቴርሞሜትር እያስገቡ ነው፤ ስንዴውን አውጥቶ በትኖ ለማቀዝቀዝ ግን በሩ መከፈት አለበት። ሦስተኛው ቁልፍ ያላቸው ሐጂ ቃሲም ለዚያራ ወደ ሼክ ሁሴን መካነ መቃብር ሄደዋል፤ ቁልፉም ከኪሳቸው ጋር ሄዷል። ስልካቸው አይሠራም።

በማግስቱ 36 ሆነ።

ጎባ

በሚኒባስ ጎባ ሄጄ የመጋዘኑን ኮሚቴ ሊቀመንበር ኦቦ ጀማልን ሱቃቸው አገኘኋቸው። ቁልፉ ይሰበር ብዬ ስለምናቸው በትሕትና ሰሙኝና ካልኩሌተር አወጡ።

“በአራት ቀን አሥር ዲግሪ ጨመረ፤ በቀን ሁለት ተኩል ማለት ነው። አደጋው አርባ አምስት ላይ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዘሩ ይሞታል። ከሦስት ቀን በላይ አለን። ሐጂ በሦስተኛው ቀን ይደርሳሉ፣ ኢንሻአላህ።”

“ያ አማካይ ነው፣ ኦቦ። መኪና ገደል አፋፍ ሲደርስ የሚያሳስብዎ ከአዳማ ጀምሮ የሄደበት አማካይ ፍጥነት ነው ወይስ የአሁኑ? ስንዴው ከትናንት ወዲህ ብቻ አራት ጨምሯል። ፍጥነቱ ራሱ በየቀኑ እየጨመረ ነው። ነገ 41፣ ከነገ ወዲያ 47 ይሆናል።”

ካልኩሌተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ “ልክ ልትሆን ትችላለህ” አሉኝ። “ግን ሰው ዚያራ ሄዶ ቁልፉ ይሰበራል? ሌባ ነህ ማለት እኮ ነው።”

ተናድጄ ወደ ሲናና ተመለስኩና መዶሻ ፈለግኩ። አክስቴ በሩ ላይ ቆመች።

“ወላሂ አትነካውም! አንተ ነገ ትሄዳለህ፤ እኔ ከሐጂ ጋር ነው የምኖረው።”

መዶሻውን አስቀመጥኩ።

ቁልፉ ሲመጣ

41 ሆነ። በማግስቱ 47። እንዳልኩት መሆኑ ማንንም አላስደሰተም፣ እኔንም ጭምር። ሐጂ በተባለው ቀን ደረሱ፤ ሦስቱም ቁልፎች ተከፈቱ። የጎመዘዘ ሽታ ፊታችን ላይ መጣ። ፍሬው ተጣብቆ ጠቁሯል። ሐጂ በሩ ሥር ተቀመጡና “ምነው በሰበራችሁት!” አሉ።

አክስቴ አልጮኸችም። “ያ ኢልማ፣ ልጄ፣ ያንተ ሒሳብ ልክ ሆነ” አለችኝ። “እኔ ግን የምዘራው የለኝም።”

አዳማ ተመልሼ ክፍል ስገባ የጀመርነው ያንኑ የለውጥ ፍጥነት፣ ዴሪቬቲቭን፣ ነበር። ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና “ዴሪቬቲቭ ግን በተግባር ምን ይጠቅማል?” አለች። በየዓመቱ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ መልስም ነበረኝ። የምትዘራው የሌላት አክስቴ ትዝ አለችኝና ወደሚቀጥለው መልመጃ እንዲያልፉ ነገርኳቸው።