በሌላ ሰው መልስ ሁለት ወር

ሞኝነቴን ከአሁኑ ልናገርና ይውጣልኝ። አሥር ነጥብ ያለው ዛፍ አሥር መስመር እንዳለው፣ በሁለት ገጽ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከነሥዕሉ አረጋግጬ አውቃለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ምንም አይመስልም። በዲስክሪት ማቴማቲክስ ዛፍ የሚባለው ግራር አይደለም። ነጥቦችን በመስመር ታያይዛለህ፤ ከአንዱ ተነስተህ ዞረህ በሌላ መንገድ እዚያው መመለስ ካልቻልክ ዛፍ ነው። አሥር ነጥብ ካለ መስመሩ ዘጠኝ ነው። ሁልጊዜ ዘጠኝ። ይኼን ነገር እዚህ መተማ ዮሐንስ አሥራ ስምንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ኋላ ተቀምጦ የሚያንቀላፋውን ተማሪ ቀስቅሰህ ብትጠይቀው «ዘጠኝ» ብሎህ ተመልሶ ይተኛል።

እኔ ግን በአርባ ሰባት ዓመቴ አሥር ነው አልኩ። ለምን? ወረቀት አሥር ነው ስላለኝ።

የኮሌጅ ኮምፒዩተር አስተማሪ ነኝ። ባለፈው መስከረም ላይ ደብዳቤ ደረሰን። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያለው አሠልጣኝ በዚህ ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተናውን ካላለፈ ከክፍል ወጥቶ «ወደ ሌላ የሥራ መደብ» ይዛወራል ይላል። የእኔ ሌላ የሥራ መደብ የት እንደሆነ ጠየቅሁ። ንብረት ክፍል ነው አሉኝ። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የማይነሳ ሞኒተር፣ ጎማ። ንብረት ክፍል የሚሠራ ሰው ንቄ አይደለም። ግን እኔ ያለ ክፍል ምን እሆናለሁ? በቀልዴ የሚስቅልኝ ተማሪ ብቻ ነው፤ እሱም ማርኩ በእጄ ስለሆነ ነው። ወንበር አይስቅም።

እናም ለማጥናት ቆረጥኩ። ጎንደር ያለ ጓደኛዬ የድሮ መለማመጃ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ኮፒ አስደርጎ ላከልኝ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር አላላክ መናገር አለብኝ። ከጎንደር ለእኛ የሚመጣ ነገር የሚመጣው በሹፌር እጅ ነው። ደግሞ ሙሉውን ዕቃ በአንድ መኪና የሚልክ የለም። መንገዱ አይታመንማ። የዋልካው ጭቃ መኪናውን ይይዘዋል፣ ኬላው ይዘጋል፣ ጎማ ይፈነዳል። ስለዚህ የትራክተሩ ፓምፕ በአንዱ አይሱዙ ይመጣል፣ ብሎኑ በሌላው። ፓምፑ ቢጠፋ ብሎኑ ተረፈ ማለት ነው። ብሎኑ ብቻውን ምን እንደሚሠራ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ግን አላየሁም። ፖስታ ላይ ስምም አይጻፍም። ሹፌሩ ሁሉንም ሰው ያውቃል፤ ስም ከጻፍክ ንቀኸዋል።

ጓደኛዬም የአገሩን ወግ ጠብቆ ጥያቄውን በሰኞው መኪና፣ መልሱን በሐሙሱ ላከው። ሁለቱም በሰላም ደረሱ። ተመስገን አልኩ። ጥያቄው አሥር ፈተና ነው፣ እያንዳንዱ አርባ አርባ ጥያቄ። መልሱ ደግሞ ፊደል ብቻ ነው፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ማብራሪያ የለው፣ ምን የለው።

ሙቀቱ ሳይነሳ ጎህ ሲቀድ እየተነሳሁ፣ ጀላቢያዬን ለብሼ፣ ፎጣ ውኃ ነክሬ ራሴ ላይ ጥዬ ግቢያችን ያለችው የኒም ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። የመጀመሪያውን ፈተና ስሠራ ደስ አለኝ። አብዛኛውን የማውቀው ነው። እንደ ንጉሥ ተንደላቅቄ አረምኩት። ከአርባ አሥራ አንድ።

«ዝገት ነው» አልኩ። «ይለቃል።» በሁለተኛው ዘጠኝ አገኘሁ። በሦስተኛው አሥር።

ጤነኛ ሰው እዚህ ጋ ወረቀቱን ይጠረጥራል። እኔ ጭንቅላቴን ጠረጠርኩ። ይኼ ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት ሁሉ ስህተት ሆኖ ታየኝ። ያስተማርኳቸውን ልጆች መንገድ ላይ ሳይ መደበቅ ሁሉ ጀመርኩ። ከዚያ የባሰው መጣ፦ መልሱ ለምን ልክ እንደሆነ ለራሴ ማስረዳት ጀመርኩ።

አሥራ ሦስት እርግቦች አሥራ ሁለት ጎጆ ውስጥ ቢገቡ ቢያንስ አንዱ ጎጆ ውስጥ ሁለት እርግብ ይኖራል። ይኼ ሕፃን የሚያውቀው ነው። መልሱ ግን «ከተሰጡት ውስጥ መልስ የለም» ይላል። ሁለት ቀን አሰብኩበት። እርግቦቹን ተውኩና አጠገባችን ኮኪት ከተማ ለሰሊጥ አጨዳ የመጡ የቀን ሠራተኞች አድርጌ ሣልኳቸው። አሥራ ሁለት ጎጆ፣ አሥራ ሦስት ሠራተኛ። በራልኝ! በዚህ ሙቀት ማን ጎጆ ውስጥ ያድራል? አሥራ ሦስተኛው ውጭ ነው የተኛው! ይኼን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከሥሩም አሰመርኩበት።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ኅዳርም ታኅሣሥም አለቀ። ለፈተናው ሁለት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ ሲቀረው ስምንተኛውን አርሜ ጨርሼ ቁጭ ብያለሁ። እሑድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ባለቤቴ ከሥራ ገባች። የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ናት የምትሠራው፤ ከየጆንያው ናሙና እየወጋች ጥራቱን ትለያለች። ነጠላዋን አራግፋ አጠገቤ ተቀመጠችና ቀይ በቀይ የሆነውን ወረቀት አየችው።

«ስንት አገኘህ?»

«አሥር።»

«ከስንት?»

«ከአርባ ነዋ።»

«ባለፈውስ?»

«አሥራ አንድ። ከዚያ በፊት ዘጠኝ።»

ፎጣውን ከራሴ ላይ አንስታ ጨምቃ መለሰችልኝ። ስታስብ እጇ ሥራ አይፈታም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሳታነበው ዝም ብለህ ብታከብ ስንት ታገኛለህ?»

«እንግዲህ አራት አራት ምርጫ ነው…ከአራት አንዱን ብትመታ…አሥር ገደማ።»

አሥር የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት።

«እና ይቺ ፍየላችን ብትፈተን አሥር ታገኛለች?»

«ወደዚያው ናት።»

«ሁለት ወር ሙሉ ጎህ ሲቀድ የምትነሳው ፍየሏ ላይ ለመድረስ ነው?»

ሳቅኩ፣ ግን ሳቁ አልጣፈጠኝም። ክብሬን ለማዳን ብዬ የዛፉን ነገር አወጣሁላት። ቀዩን እስክሪብቶ፣ ሁለቱን ገጽ። «አየሽ፣ ዘጠኝ ይመስላል። ግን ሥሩም ከመሬት ጋር የተያያዘበት አንድ መስመር አለ። እሱ ሲጨመር አሥር።»

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረችው።

«የታል መሬቱ?»

«አልተሣለም።»

«ያልተሣለውን ነው የቆጠርከው?»

እሷ ቀጠለች፤ አሁን ቀልዱን ትታ ነው። «ስማ። እኔ ጆንያ ስወጋ ከጥሩውም ትንሽ አፈር ይወጣል፣ ከመጥፎውም ትንሽ ጥሩ ይወጣል። ከላይም ከመሃልም ከታችም ጭራሽ ሰሊጥ የማይመስል ነገር ከወጣ ግን ሰሊጡ ተበላሸ አልልም። ይኼ የማን ጆንያ ነው ነው የምለው። ይኼ መልስ የማን ነው?»

በማግስቱ ጠዋት አይሱዙዎች የሚቆሙበት ሄድኩ። የሐሙሱ ሹፌር ጎማው ላይ ተደግፎ ሻይ ይጠጣል።

«ያን ጊዜ ያመጣህልኝ ፖስታ» አልኩት፣ «ብቻውን ነበር?»

«ኧረ ሁለት ነበሩ። ሁለቱም የኮምፒዩተር መልስ ነው ተብዬ። አንዱ ኮኪት ወረደ።»

«የትኛው ነው ኮኪት የወረደው?»

«አንዱ ነዋ!»

«ሁለቱ አንድ ዓይነት ነበሩ?»

«ነጭ ናቸው። ምን ትላለህ አንተ፣ ፖስታ እኮ ነው።» ከዚያ ሻዩን ፉት አለና አንድ ነገር ትዝ አለው። «እንዲያውም የኮኪቷ ልጅ የእኔ አይመስለኝም ብላ ጠይቃኝ ነበር። አይ፣ ሌላውን የወሰደው መምህር ነው፣ ቢሳሳትበት ኖሮ እስካሁን ይጮህ ነበር፤ እሱ ዝም ካለ ያንቺም ልክ ነው ማለት ነው አልኳት።»

ልብ በሉ። የእኔ ዝምታ ማስረጃ ሆኖ ተቆጥሯል።

ሚኒባስ ይዤ ኮኪት ወረድኩ። ልጅቷ የግብርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ የመረጃ ሠራተኛ ናት፤ ሠላሳ ቢሆናት ነው፣ ንግግሯ ጎጃም ጎጃም ይላል። በሩ ላይ ቆሜ ፖስታውን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ከወንበሯ ተነሳች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እስከ ዛሬ የት ነበሩ?»

«እያጠናሁ።»

«በዚህ? በኔ መልስ?»

«ባንቺ መልስ።»

በነጠላዋ አፏን ያዘች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ለትልቅ ሰው ክብር ብላ ሳቋን እያፈነች ነው። «ሳቂ እንጂ» ስላት ለቀቀችው፤ ከሚቀጥለው ቢሮ ሰው መጥቶ ምን ሆነች ብሎ እስኪያይ ድረስ።

ከዚያ ነገሩን አወጋችኝ። እሷም ለዚያው መግቢያ ፈተና ነው የምታጠናው፤ ጥያቄዎቿ ግን የሌላ ዓመት ናቸው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ጥያቄዎች ሠርታ ከደረሳት መልስ ጋር ስታመሳክር ነው የኔ አይደለም ያለችው። የደረሰኝ በስህተት ነው ብላ ሹፌሩን ጠየቀች፣ ሹፌሩ ያን የመሰለ መልስ ሰጣት።

«አንድ ሳምንት ሙሉ በርስዎ ምክንያት ራሴን ተጠራጠርኩ ጋሼ። ይኼን ያህል ዓመት ያስተማረ ሰው ዝም ካለ፣ የሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ።»

ይኼ ነገር ከሁሉም በላይ አሳፈረኝ። የራሴ ሞኝነት ለራሴ ብቻ የበቃ ይመስለኝ ነበር።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ እንደገና ሠራሁት። ያው ያንኑ አገኘሁ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ያለ መልስ ቀጠልኩ። ምን ላድርግ?»

እኔ በሁለት ወር ያልቻልኩትን እሷ በሳምንት ጨርሳዋለች። ደብተሬን አይታ ስትስቅ ስትስቅ ዛፉ ጋ ስትደርስ ግን ሳቁን ተወችው። ሥሩ ከመሬት የተያያዘበትን መስመር በጣቷ ተከትላ ሄደች። «ጋሼ…ይኼ እኮ ትንሽ ያሳምናል!» አለችኝ፤ ደብተሩንም ቶሎ ዘጋችው።

ተለዋወጥን። የሷን ሰጠኋት፣ የኔን ተቀበልኩ። ቤት እስክደርስ መታገሥ አልቻልኩም፤ ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ መንገዱ እያንገጫገጨኝ የመጀመሪያውን ፈተና አረምኩ። ከአርባ ሠላሳ አራት። ሁለተኛውን፣ ሠላሳ ስድስት። ሦስተኛውን፣ ሠላሳ ሦስት።

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ጠባብ ጫማ አድርገህ ውለህ ማታ ስታወልቀው ያለው ነገር አለ አይደል? እሱ ነው፣ ግን ራሴ ላይ። ብቻዬን ሳቅኩ። እንባም መጣ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ገበሬ ወረቀቴን በጎን አይተው «ሰሊጥ ጨመረ እንዴ?» አሉኝ። «አባባ፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት» አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

በቀሩኝ አሥራ አንድ ቀናት ማጥናት ሳይሆን መርሳት ነበር ሥራዬ። በቀይ የጻፍኩትን ሁሉ አንድ በአንድ እየተመለስኩ ሰረዝኩት። ከማወቅ ይልቅ ያወቁትን ስህተት መተው እንደሚከብድ ያኔ ነው የገባኝ።

ፈተናው ጎንደር ነበር። የቆላ ሰው ጥር ላይ ጎንደር ሲገባ የሚሆነውን ሆንኩ፤ ሁለት ሹራብ ደራርቤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ በአክብሮት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አባት፣ ልጅዎን እዚያ ጥላ ሥር ይጠብቁ» አለኝ። መታወቂያዬን አሳይቼው ገባሁ። ኮምፒዩተሩ ተከፈተ። አንድ ቦታ ላይ ያቺው የእርግቦች ጥያቄ፣ ቁጥሯን ለውጣ መጣች። እጄ ማውሱ ላይ ቆመ። አንዷ ውጭ አድራ ይሆን? የሚል ነገር ሽው አለብኝ። ኧረ በሕግ አምላክ! ጎንደር ብርድ ነው፣ ማንም ውጭ አያድርም ብዬ ትክክለኛውን ነካሁ።

ውጤቱ ሲወጣ ኔትወርክ አልነበረም። ሁለት ቀን ስልኬን ይዤ ግቢውን ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ መጋዘኑ ጣራ ሥር ኔትወርክ ሲመጣላት ቁጥሬን አስገብታ አየችው። ሥራዋን ጥላ፣ ናሙና መውጊያ ብረቷን እንደያዘች ኮሌጁ ድረስ መጣች። በክፍሉ መስኮት አየኋት። ብረት ይዛ ስትመጣ ልትመታኝ መስሎኝ ነበር። ከደጅ ሆና አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ጠመኔውን እዚያው ጣልኩት። ተማሪዎቼ አጨበጨቡ፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ነው ያጨበጨቡት፣ የእኔ ተማሪዎች እንዲህ ናቸው። ተምሬ ተመልሼ የምገባው እዚያው ክፍል መሆኑን ሳስብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ማታውኑ ኮኪት ደወልኩ። እሷም አልፋለች፤ የደረሳትም እኔ የደረሰኝ ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያው ትምህርት ክፍል ነው። እንኳን ደስ ያለሽ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ተባባልን። ስልኩን ልዘጋ ስል ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ክፍል ስንገባ እባክዎ አጠገቤ እንዳይቀመጡ። እንዳይኮርጁብኝ ብዬ አይደለም። እንዳያሳምኑኝ ነው።»